የሴፍ ክላስተርን ወደ ሌላ ኔትወርክ እንዴት ማዛወር ይቻላል

የሴፍ (የብዙ ሰርቨሮችን ዲስኮች እንደ አንድ ማከማቻ የሚያሠራ ሶፍትዌር) ክላስተር ኔትወርክ ሊቀየር ነው ሲባል ብዙ ሰው የሚጨነቀው ለዲስኮቹ ነው። ለእነሱ አታስቡ። ኦኤስዲ፣ ማለትም ዲስኩን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ሲነሳ አዲሱን አድራሻውን ራሱ ያስመዘግባል። ጣጣው ያለው የክላስተሩን ሁኔታ የሚከታተሉት ሞኒተሮች ጋ ነው። አድራሻቸው ሞንማፕ በሚባል ካርታ ውስጥ ተጽፏል፤ እርስ በርስ የሚፈላለጉትም በዚህ ካርታ እንጂ በኮንፊግ ፋይሉ አይደለም። ፋይሉን ብቻ ቀይሮ ሪስታርት ማድረግ ዋጋ የለውም።

ሁለቱ ኔትወርኮች የሚገናኙ ከሆነ ሥራ ሳይቆም ይቻላል። ኮንፊጉ ውስጥ ፐብሊክ ኔትወርክ የሚለው ላይ ሁለቱንም በኮማ ለይታችሁ ጻፉ። በአዲሱ ኔትወርክ አንድ ሞኒተር ጨምሩ፤ ምልዓተ ጉባኤው (ክላስተሩ እንዲሠራ መገናኘት ያለበት የሞኒተሮች አብላጫ) ውስጥ መግባቱን ስታዩ አንድ አሮጌ አውጡ። ሞኒተሮቹ ሲያልቁ የየሰርቨሩን አድራሻ እየቀየራችሁ ኦኤስዲዎቹን በተራ አስነሱ። ምርጫ ካለ እኔ ሁሌም በዚህ ነው የምሄደው።

ካልተገናኙ ክላስተሩን ማቆም ግድ ነው። ግን አስቀድማችሁ አዲሱን ስዊች ፈትሹ። ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን) 9000 ከሆነ፣ ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ ከልክላችሁ በ8972 ባይት ፒንግ አድርጉ፤ የቀረው 28 ባይት የሄደር ነው። ይህ ካላለፈ ትንንሹ መልእክት እየሄደ ትልቁ ዳታ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሴፍን ስትራገሙ ታድራላችሁ።

ከዚያ ተጠቃሚ ማሽኖቹን አቁሙ። ክላስተሩ ሄልዝ ኦኬ (ጤናማ ነኝ) ማለቱን አይታችሁ ኖአውት የሚባለውን መከልከያ አብሩ። አለዚያ ለ10 ደቂቃ የጠፋን ኦኤስዲ ሴፍ ከቁጥር አውጥቶ ዳታውን ሌላ ቦታ መገልበጥ ይጀምራል። ሞኒተሮቹ ገና በሕይወት ሳሉ ሁለት ነገር ጨርሱ፦ ሞኒተሮቹ የያዙት ኮንፊግ ዳታቤዝ ውስጥ ያለውን የኔትወርክ አድራሻ ቀይሩ፣ ሞንማፑንም ወደ ፋይል አውጡ። አሁን ኦኤስዲዎቹን፣ መጨረሻ ላይ ሞኒተሮቹን አቁሙ።

የሞኒተሮቹን ፎልደር ባክአፕ ያዙ፤ ይህቺን እንዳትዘሏት። ሞንማፕን በሚያርመው ሞንማፕቱል በሚባል ትእዛዝ አሮጌዎቹን አድራሻዎች ሰርዛችሁ አዲሶቹን በየስማቸው አስገቡ፤ 3300 እና 6789 ሁለቱም ፖርቶች ይጻፉ። የተስተካከለውን ካርታ ለእያንዳንዱ ሞኒተር ኢንጀክት አድርጉ (አስገቡለት)። ይህን በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ አካውንት) ከሠራችሁ አንዳንድ ፋይሎች የሩት ሆነው ይቀራሉ፤ ሞኒተሩም አልነሳም ይላል። ባለቤትነቱን ወደ ሴፍ ዩዘር መልሱት። በሁሉም ሰርቨር ላይ ኮንፊግ ፋይሉንና የማሽኑን አድራሻ ቀይሩ።

ስታስነሱ ሞኒተሮቹ ይቅደሙ። ከሦስቱ ሁለቱ ከተገናኙ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል። ቀጥሎ ማናጀሩ፣ ከዚያ ኦኤስዲዎቹ። ሁሉም ሲነሱ ኖአውትን አጥፉ።

የቀሩት ተጠቃሚዎቹ ናቸው። ሴፍኤፍኤስን (የሴፍን ፋይል ሲስተም) የሚጠቀሙ ማሽኖች ኤፍስታብ (ማሽኑ ሲነሳ የሚያገናኛቸው ማከማቻዎች ዝርዝር) ውስጥ አሮጌውን የሞኒተር አድራሻ ይዘው ሊሆን ይችላል። ኦፕንስታክ የሚባለው የክላውድ ሶፍትዌር ደግሞ የየቨርቹዋል ማሽኑን የሞኒተር አድራሻ ዳታቤዙ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ፣ እዚያም ገብታችሁ ካልቀየራችሁት አሮጌውን አድራሻ እየፈለገ ይቆያል።