የስሮትል ሴንሰርን ከሌላ የሞተር ኮምፒውተር ጋር ስናገናኝ፦ ችግርና መፍትሄ

የፋብሪካውን ኮምፒውተር አውጥቶ ሌላ የሚገጥም ሰው የስሮትል ሴንሰሩን (ቲፒኤሱን)፣ ማለትም የሞተሩ አየር ማስገቢያ በር ምን ያህል እንደተከፈተ ለኮምፒውተሩ የሚናገረውን፣ ሦስት ሽቦ ብቻ ስላለው በጥድፊያ ያገናኘዋል። ከዚያ ሞተሩ ሲያስቸግር ላፕቶፕ ተከፍቶ የነዳጅ ሰንጠረዡ ሲነካካ ይዋላል፤ ጥፋቱ ግን ሶኬቱ ላይ ነው። ስለዚህ ምልክቶቹን ከማየታችን በፊት ሦስቱን ሽቦዎች እንለይ።

ሴንሰሩ ውስጥ አንድ የሬዚስተር መንገድና በላዩ የሚንሸራተት ጣት አለ። ሁለቱ ጫፎች 5 ቮልትና ማሳ (ኔጌቲቭ፣ ዜሮ ቮልት) ይይዛሉ፣ ጣቱ ሲግናሉን ያወጣል። የሽቦ ቀለም አትመኑ። ሶኬቱን ንቀሉና ስሮትሉን በእጅ እያዞራችሁ ሽቦዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ በኦም ለኩ። ስሮትሉ ሲዞር ንባቡ የማይለወጥበት ጥንድ ሁለቱ ጫፎች ናቸው፤ የቀረው ሲግናል ነው። ስሮትሉ ተዘግቶ እያለ ከሲግናሉ ጋር አነስ ያለ ኦም የሚያሳየው ጫፍ ማሳ ይሆናል፣ ሌላው 5 ቮልት። ስታዞሩት ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ካለውና ንባቡ ቀስ በቀስ ካልተለወጠ፣ የያዛችሁት የሚኒሞና (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት) የሙሉ ጋዝ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ የስሮትሉን አቀማመጥ ሊናገር ስለማይችል በሌላ ይተካ።

ሞተሪኖው ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም

ፔዳሉ ሳይነካ ኮምፒውተሩ 90 በመቶ ገደማ ካነበበ 5 ቮልቱና ማሳው ተለዋውጠዋል። ብዙ ኮምፒውተሮች ሞተሪኖ ሲመታ ስሮትሉ ሙሉ ለሙሉ ከተከፈተ ካንዴላው በነዳጅ ርሷል ብለው ነዳጅ ይቆርጣሉ። የተገለበጠው ሽቦ ሁልጊዜ እዚያ ውስጥ ያስገባቸዋል። ሁለቱን ማቀያየር ይበቃል፤ በዚህ ስህተት ሴንሰሩ አይጎዳም።

ፔዳል ሲረገጥ ኮምፒውተሩ ይጠፋል፣ ወይም ሌሎች ሴንሰሮች ይዘባርቃሉ

ይህኛው አደገኛ ነው። ሲግናሉ ከአንዱ ጫፍ ጋር ተለዋውጧል ማለት ነው። ጣቱ ላይ ማሳ፣ በ5 ቮልቱ ጫፍ ላይ 5 ቮልት ከተያያዘ፣ ጣቱ ወደዚያ ጫፍ በተጠጋ ቁጥር በመካከላቸው ያለው ሬዚስታንስ እያነሰ ሄዶ ሾርት ይሆናል። የሬዚስተሩ መንገድ ይቃጠላል። ያው 5 ቮልት የማኒፎልድ (የአየር ማስገቢያ ቱቦው) ግፊት ሴንሰሩንም ስለሚመግብ የእሱ ንባብ አብሮ ይወድቃል። የስሮትሉ ንባብ ደግሞ 5 ወይም 0 ቮልት አካባቢ ተጣብቆ ይቀራል።

መሞከሪያው ቀላል ነው፦ ቁልፍ ተከፍቶ፣ ሞተር ሳይነሳ፣ የግፊቱን ንባብ እያያችሁ ፔዳሉን ቀስ ብላችሁ ርገጡ። ንባቡ የአካባቢውን አየር ግፊት ያሳያል፣ በባሕር ወለል ከፍታ 100 ኪሎ ፓስካል ገደማ፤ ፔዳል ሊያንቀሳቅሰው አይገባም። ከተንቀሳቀሰ ወዲያው ቁልፉን ዝጉ፣ ሽቦውን አርሙ፣ ከዚያ ሴንሰሩን እንደገና በኦም ለኩ፤ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። እኔ በዚህ መንገድ አንድ ሴንሰር ካቃጠልኩ በኋላ ሳልለካ ማገናኘት ትቻለሁ።

ሚኒሞ ላይ ንባቡ ይዘላል፣ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል

ኮምፒውተሩ የንባቡን መዝለል ፔዳል እንደተረገጠ ቆጥሮ ነዳጅ ይጨምራል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ማሳው ሞተሩ ብረት ላይ መታሰሩ ነው። በዚያ ብረት የዲናሞና የካንዴላ ስርዓቱ ጅረት ያልፋል፤ ስለዚህ ዜሮው ዜሮ ሆኖ አይቆይም። የሴንሰሩ ማሳ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ የሴንሰር ማሳ ፒን ይሂድ። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራትና ፋን በርቶ፣ በማሳ ሽቦው ሁለት ጫፎች መካከል፣ ማለትም ከሴንሰሩ እስከ ኮምፒውተሩ ፒን፣ ቮልት ለኩ፤ ከጥቂት ሚሊቮልት በላይ ከሆነ ገና አልተስተካከለም። የሲግናል ሽቦውንም ከካንዴላ ገመዶች አርቁት። በሶፍትዌሩ ማጣሪያ ጥፋቱን መሸፈን ግን አልመክርም፤ እውነተኛው የፔዳል እንቅስቃሴም አብሮ ይዘገያል።

ንባቡ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይወድቃል

ሴንሰሩ ውስጥ ያለው የሬዚስተር መንገድ ተበልቷል። ቀስ ብላችሁ ስትከፍቱት ቮልቱ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይዘላል። ሴንሰሩ ይቀየር።

100 በመቶ አይደርስም

የተለመደው ንባብ ሲዘጋ 0.5፣ ሙሉ ሲከፈት 4.5 ቮልት ገደማ ነው። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ለኮምፒውተሩ ስታስተምሩ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ በእግር ርገጡ፤ በእጅ የተከፈተ ስሮትል ኬብሉ ከሚያደርሰው በላይ ሊሄድ ይችላል። ሲዘጋ ልክ 0 ቮልት የሚያሳይ ከሆነ የሴንሰሩን ብሎኖች አላልታችሁ ትንሽ አዙሩት፤ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ የተዘጋ ስሮትልን ከተበጠሰ ሽቦ መለየት አይችልም።