የሰበር ውሳኔ ስትፈልጉና ስትጠቅሱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እዚህ ሰበር የምለው በመጨረሻ ፍርዶች ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖሩን የሚያየውን የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ነው። አቤቱታ ስትጽፉ «ሰበርም በዚህ ላይ ወስኗል» ብሎ ማለፍ የመጀመሪያው ስህተት ነው። በየትኛው መዝገብ? መቼ? ዳኛው ውሳኔውን አውጥቶ ማየት ካልቻለ ጥቅሱ ባዶ ነው። የችሎቱ ስም፣ የመዝገብ ቁጥሩና የተወሰነበት ቀን መኖር አለባቸው፤ በችሎቱ የውሳኔዎች መጽሐፍ ታትሞ ከሆነ ቅጹና ገጹም ይጨመራል። ለምሳሌ የልጅን ጥቅም ስለማስቀደም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ውሳኔ የፌ/ጠ/ፍ/ቤት (የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት) ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ሰ/መ/ቁ. (የሰበር መዝገብ ቁጥር) 23632፣ ቅጽ 5 ነው። አንድ አሃዝ ከተዛነፈ ግን የሌላ ሰው ክርክር ውስጥ ትገባላችሁ። እኔ አንድ ጊዜ ቁጥር የገለበጥኩት ከሌላ ሰው አቤቱታ ላይ ነበር፣ ሁለት አሃዞች ቦታ ተቀያይረው ነበርና የወዲያኛው ጠበቃ መዝገቡን አውጥቶ «ይህ እኮ ስለ ሌላ ጉዳይ ነው» ሲል የምመልሰው አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ከውሳኔው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ብቻ ነው የምወስደው።

ፍለጋው ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሸወደው በፊደል ነው። ውሳኔዎቹ ያሉበትን ፒዲኤፍ ከፍቶ «ሃላፊነት» ብሎ ይፈልጋል፣ ምንም አይመጣም፣ «ውሳኔ የለም» ብሎ ይዘጋዋል። ጸሐፊው ግን «ኃላፊነት» ብሎ ጽፎት ይሆናል። «ህግ» እና «ሕግ»፣ «አቃቤ» እና «ዐቃቤ»፣ «የጸና» እና «የፀና» ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ «ፍርድ ቤት» ብላችሁ ስትፈልጉ «ፍ/ቤት» አይገኝም። የሚታወቁትን አጻጻፎች ሁሉ ሞክሩ። የባሰው ደግሞ ስካን የተደረገ ወይም በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ፋይል ነው። በዓይን ጥርት ብሎ ይነበባል፣ ፍለጋው ግን አንዲት ቃል አያገኝም። እዚያ ላይ ማውጫውን በዓይን ከማየት ሌላ አቋራጭ የለም። በሕጉ አንቀጽ ቁጥር መፈለግም በጣም ይረዳል፣ ቁጥር ሆሄ አይቀያይርምና።

ከውሳኔው በፊት የሚታተመውን አጭር ማጠቃለያ የችሎቱ ቃል አድርጎ መጥቀስ ሌላው ስህተት ነው። ያ አንባቢን ለመምራት የተዘጋጀ ነው። ውሳኔውን እስከ ትእዛዙ ድረስ አንብቡት፤ አመልካች (አቤቱታ ያቀረበው ወገን) እና ተጠሪ (መልስ የሚሰጠው ወገን) ያሉትን ችሎቱ ካለው ለዩ። የአመልካችን ክርክር የሰበር አቋም አድርጎ ያቀረበ ጽሑፍ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ሁሉም የሰበር ወረቀት እኩል ክብደት የለውም። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት በየደረጃው ያሉ የፌደራልም የክልልም ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድደው ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የሰጡት የሕግ ትርጉም ነው፣ አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ይህንኑ አስቀጥሏል። አቤቱታውን መርምረው «አያስቀርብም» (ለሰበር ችሎት የሚቀርብ አይደለም) ያሉት ሦስት ዳኞች ከሆኑ ያ አስገዳጅ ትርጉም አይደለም። ስለዚህ የዳኞቹን ስም ቁጠሩ። ችሎቱ የራሱን ትርጉም በሌላ ጊዜ ሊለውጥም ይችላልና በተመሳሳይ አንቀጽ ላይ በኋላ የወጡትን ቅጾች ሳታዩ አታቁሙ። ይህን የሚዘለው ሰው ብዛቱ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ዋጋውን የሚከፍለው ደንበኛው ነው።

ዓመተ ምህረትም አይዘንጋ። 454/1997 እና 454/2005 አንድ አዋጅ ነው፣ የመጀመሪያው በእኛ፣ ሁለተኛው በአውሮፓውያን አቆጣጠር። አንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን አትደባልቁ።

ቴሌግራም ላይ የተለጠፈ ቁጥርም ሆነ ቻትጂፒቲ የነገራችሁ ውሳኔ ፍንጭ እንጂ ምንጭ አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን፣ የሌሉ ውሳኔዎች ለፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ውሳኔው ገና በቅጽ ካልታተመ ደግሞ የመዝገብ ቁጥሩንና ቀኑን ጽፋችሁ ግልባጩን ከአቤቱታው ጋር አያይዙት።