ደሴን በመጸው እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

ብዙ መንገደኛ ደሴን የሚያውቃት ወደ ላሊበላ ሲያልፍ አድሮባት ነው። ማታ ገብቶ ጥብሱን በልቶ ይተኛል፣ ጎህ ሲቀድ ይወጣል። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ክረምቱ ወጥቶ የጦሳ ተራራ ገና አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ደሴንና አካባቢዋን ለማየት ከመጸው የተሻለ ጊዜ የለም። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብትሰጧት የሚከተለው መንገድ ይበቃችኋል።

አንደኛ፣ ቀኑን ምረጡ። ግሸን ማርያም መስከረም 21 ናት። በዚያ ሰሞን ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ደሴ ላይ አድሮ ስለሚያልፍ አልጋ ይጠፋል፣ ትራንስፖርት ይወደዳል። ለንግሥ የምትመጡ ከሆነ እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ሙዚየምና ከተማ ለማየት ከሆነ ግን ሕዝቡ እስኪመለስ ጠብቁና ጥቅምትን ያዙ። የምትመጡትም ሰኞ በጉዞው እንዲካተት አድርጋችሁ ይሁን፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት ያዙ። በአውሮፕላን የመጣ ሰው የሚወርደው ኮምቦልቻ ስለሆነ ሙቀቱ ያታልለዋል። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የጥቅምት ሌሊት ብርድ ደግሞ አይቻልም።

ሦስተኛ፣ በሙዚየሙ አትጀምሩ። በቦሩ ሜዳ ጀምሩ። ከደሴ በስተሰሜን ቅርብ ነው፣ በሚኒባስ ይደረሳል። የምትሄዱት ለሜዳው ነው። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩት እዚህ ነው፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። የወሎው መሐመድ አሊም በዚያው ዘመን ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ። ይህን ይዛችሁ ወደ ከተማ ተመለሱና አይጠየፍ አዳራሽ ግቡ። ያስገነቡት እኚሁ ሚካኤል ናቸው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ጣሪያ ሥር ግብር የበላበት አዳራሽ እንደሆነ የከተማው ሽማግሌዎች ይነግሯችኋል። ቦሩ ሜዳን ያላየ ሰው አይጠየፍን ትልቅ አሮጌ ቤት ብሎ ያልፈዋል። ደሴን ከተማ ያደረጓት፣ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ሲይዝ ንጉሥ የተባሉት፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ የተማረኩት ሁሉም አንድ ሰው መሆናቸው የሚገባችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ስትሄዱ ነው።

ከዚያ ወደ ደሴ ሙዚየም። ቤቱ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፏል፣ ተጎድቷልም፤ ስለዚህ ክፍት መሆኑን ባረፋችሁበት ሆቴል በኩል ቀድማችሁ አስጠይቁ። ስትገቡ አስጎብኚውን ስላለው ዕቃ ብቻ አትጠይቁ። «እዚህ ምን ነበር?» በሉ። ወሎ በዚያ ጦርነት ምን እንዳጣች ቆሞ የሚነግራችሁ ሰው መስማት ከየትኛውም የተጻፈ መግለጫ ይበልጣል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ደሴ እንደነበሩም አስታውሱ።

አራተኛው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከመናኸሪያ ሚኒባስ አይጠፋም፣ ኮንትራት መኪና መያዝ የገንዘብ ብክነት ነው። ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። የገዳሙን ቅርስ የሚያሳዩ አባቶች ቅዳሴም ማኅሌትም ላይ የሚቆሙት ራሳቸው ናቸው። ረቡዕና ዓርብ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቁልፍ የያዘ ሰው አታገኙም። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ሲገባ ደግሞ ከቅዳሜና ከእሑድ በቀር ሌሎቹም ቀናት እንደዚሁ ይሆናሉ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ወርኃ ጽጌ ነው፤ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፣ እሑድ ጠዋት የደከመ አባት «ክፈቱልን» ብሎ ማስቸገር ነውር ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ጠዋት፣ በጥቅምት ውስጥ።

ሌላው፣ ሴት ወደ ገዳሙ አትገባም። ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተው ይህን በሩ ላይ የሰሙ ቤተሰቦች አይቻለሁ፤ እናትየው ነጠላዋን አጣፍታ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስትቀር ልጆቹም ሳይደሰቱ ገብተው ወጡ። ቀድማችሁ ተነጋገሩበት። ሴቶቹ በሐይቁ ዳር በጀልባ መዞር፣ በአቅራቢያው ያለውን የሴቶች ገዳምም መሳለም ይችላሉ።

አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ቦታ ነው፤ በስማቸው የሚጠራው ወንጌልም በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተጻፈ ነው። የትኛውንም ብራና ሲገልጡላችሁ ሥዕሉን ብቻ አይታችሁ አትለፉ። ጎንበስ ብላችሁ ገጹን ተመልከቱ፦ ጸሐፊው መስመር ለማስያዝ በወስፌ የጫረው ቀጭን ጭረት አለ፣ የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ተለይቷል፣ የታችኛው ጥግ ስንት ትውልድ ሲገልጠው በጣት ወዝ ጠቁሯል። እጃችሁን አትስደዱ፤ ፎቶ ሳታስፈቅዱ አታንሱ፤ ዝርዝር ብር ይዛችሁ ሂዱ። ስትጨርሱ የሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ ጥብስ አለ፣ በጾም ዓሣ የማይበላ ባልንጀራ ካላችሁ ግን ሽሮ እዘዙ።

መጨረሻ ላይ ሰኞ። ደሴ ራሷ ሰኞ ገበያ አላት፣ እኔ ግን ባቲን እመርጣለሁ። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁል በወረዳችሁ ቁጥር ማሽላው እየበዛ፣ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል። አፋሩ ግመሉን ነድቶ፣ ኦሮሞውና አማራው እህልና ከብቱን ይዞ እዚያ ይገናኛል። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች አንዱ ስሙን ከዚህች ከተማ አግኝቷል፤ ሌላው ቅኝት የተጠራበትን አምባሰልን ደግሞ ወደ ግሸን የሄደ ሰው ያገኘዋል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ስለሚበረታ ከኮምቦልቻ በማለዳ ተነሱ። ማታውን ደሴ የምታድሩ ከሆነ ሐረጎን በብርሃን እንድትወጡት ከባቲ ስምንት ሰዓት ሳይሆን ተነሱ።