ካሮት ራፔ፦ ከፈረንሳዮች ማዕድ ለባሕር ዳር ቤት የሚበጅ የመጀመሪያ ሳህን

ፈረንሳዮች ምግቡን ሁሉ ባንዴ አያቀርቡም። ቀለል ያለ አትክልት ይቀድማል፣ ዋናው ምግብ ይከተላል፣ በመጨረሻ አይብ ወይም ፍራፍሬ ይመጣል። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. የመዘገበው የግብዣ ማዕዳቸውም የሚሄደው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ከዚህ ሁሉ ቶሎ የሚጠቅመን የመጀመሪያው ሳህን ነው። ከእንጀራው ጎን የተቀመጠ ሰላጣ ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይነሳል፤ ብቻውን ቀድሞ ሲቀርብ ግን የራበው ልጅም ይበላዋል።

በካሮት ራፔ፣ ማለትም ተፈቅፍቆ በሎሚና በዘይት በተለወሰ ጥሬ ካሮት፣ ጀምሩ። ካሮት ይላጣል፣ ስለዚህ ከቅጠል ይልቅ ለማጽዳት ቀላል ነው። ቅጠልን በኮምጣጤ መዘፍዘፍ ጥገኛ ተባይን እንደሚገድል አትተማመኑ።

ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ ካሮት በንጹህ ውሃ አጥባችሁ ላጡና በመፈቅፈቂያው ሰፊ ቀዳዳ ፈቅፍቁት። በጠባቡ ከሆነ ውሃው ይወጣና ይላቁጣል። በጎድጓዳ ሳህን 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ (የዘጌ ሎሚ ካገኛችሁ እሰየው) ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር አሟሙ። ጨው በዘይት ውስጥ አይሟሟም፤ ዘይቱ ከቀደመ ጨው ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ፈረንሳዮች እዚህ ላይ የዲዦን ሰናፍጭ ይጨምራሉ። የእኛው የጾም ሰናፍጭም ይሠራል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ይበቃል፤ ጨው ያለበት ከሆነ ግን የራሳችሁን ቀንሱ። ሰናፍጩ ሎሚውንና ዘይቱን አያይዞ ያቆያል። አሁን 4 የሾርባ ማንኪያ የሱፍ ዘይት በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ በሹካ ምቱ። የኑግ ዘይት ጣዕሙ ስለሚከብድ ካሮቱን ይውጠዋል።

ካሮቱን ለውሳችሁ 15 ደቂቃ ተዉት። ለቅጠል ሰላጣ ልኩ ይለያል፦ 1 እጅ ሎሚ ለ3 እጅ ዘይት፤ ቅጠሉ በደንብ ይድረቅ፣ እርጥብ ከሆነ ዘይቱ አይዘውም፤ የሚለወሰውም ሊቀርብ ሲል ነው፣ ጨው ውሃውን ስቦ ያጠወልገዋልና።

በትናንሽ ሳህን አቅርቡ። ሲያልቅ ሽሮው ወይም የጣና ዓሣ ጥብሱ ይቅረብ፣ ከዚያ ማንጎ። ካሮቱ ለጾምም ይሆናል።

ለእራት ከሆነ የመክሰስ ሰዓትም መጠበቅ አለበት። የፈረንሳይ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲወጡ፣ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አንዴ መክሰስ ይበላሉ፦ ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ አንዳንዴ ቸኮሌት። ከዚያ እስከ እራት ምንም የለም። እዚህ ዳቦና ሙዝ ይበቃል፤ 12 ሰዓት ላይ ከሱቅ የሚመጣውን ብስኩት ግን አስቀሩ።