በሳይነስ ኦፕሬሽን ደም ስንገመግም የምንሠራቸው ስህተቶች

በኢንዶስኮፕ (በአፍንጫ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ሳይነስ፣ ማለትም በአፍንጫ ዙሪያ ያሉ የአየር ክፍተቶች፣ ሲሠራ አንዲት ጠብታ ደም ሌንሱ ላይ ካረፈች ስክሪኑ በሙሉ ቀይ ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ስንት ደም ፈሰሰ ሳይሆን፣ ይታያል ወይ ነው። ብዙው ስህተት የሚመጣው ይህ ሲረሳ ነው።

የሳክሽን (ደምና ፈሳሽ መምጠጫ) ጠርሙሱን አይታችሁ አትፍረዱ። 400 ሚሊ ሊትር ይላል እንበል። ለማጠቢያ የገባው ሳላይን (የጨው ውሃ) ስንት ነበር? ካልቀነሳችሁት ቁጥሩ ያሳስታችኋል፤ በዚያ ላይ ወደ ጉሮሮ የወረደውና ጥጡ የመጠጠው ደም ጠርሙሱ ውስጥ የለም።

"ትንሽ ይደማል" ብሎ መጻፍም አይበቃም። ትንሽ ለማን? በ1995 የወጣው የቦዛርት መለኪያ ከ0 እስከ 5 ነው፤ 0 ምንም ደም የለም፣ 5 ደግሞ ሳክሽኑ ሳይነሳ እንኳ ደሙ ይቀድማል፣ መሥራት አይቻልም ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚምታታበት 3 እና 4 ላይ ነው። እኔ ሳክሽኑን አንስቼ ዝም ብዬ አያለሁ። ሜዳው (የሚሠራበት ቦታ) ለጥቂት ሰከንድ ንጹሕ ሆኖ ከቆየ 3፣ ወዲያው ከሞላ 4።

መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ ነጥብ መስጠትም ልክ አይደለም። ሰው የሚያስታውሰው የከፋውን ወይም የመጨረሻውን ደቂቃ ነው። በየ15 ደቂቃው፣ ግራና ቀኙን ለየብቻ መዝግቡ። ለጥናት ከሆነ ደግሞ ነጥብ ሰጪው የትኛው መድኃኒት እንደተሰጠ ባያውቅ ይሻላል።

ሌንሱ ላይ ያለ ጭጋግን ከደም አትቀላቅሉ። መጀመሪያ ሌንሱን አጽዱ።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ይሄኛው ነው፦ ሜዳው በደበዘዘ ቁጥር ማደንዘዣ ባለሙያውን "ግፊቱን አውርድልኝ" ማለት። ግፊት ብቻውን መልስ አይደለም። አማካይ የደም ግፊቱ ከ60 ሚሜ ሜርኩሪ በታች ሲወርድ አንጎልና ኩላሊት በቂ ደም እንዳያጡ ያሰጋል፣ በተለይ የቆየ የደም ግፊት ያለበት ሰው ላይ። መጀመሪያ ሌላውን እዩ። የአልጋው ራስጌ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ቀና ብሏል? የደም ሥር በሚያጠብበው አድሬናሊን የተነከረው ጥጥ በቂ ደቂቃ ቆይቷል? ልቡ በፍጥነት እየመታ ነው? ከአንድ ነጥብ እየተመታ የሚወጣ ደም ካያችሁ ደግሞ የተቆረጠ የደም ሥር ነው፤ ፈልጋችሁ በሙቀት ተኩሶ መዝጋት እንጂ ግፊት ማውረድ አያቆመውም።

ነጥቡ 5 ደርሶም "ትንሽ ቀርቶኛል" ብሎ መቀጠል አለ። ከሳይነሱ ቀጭን አጥንት ጀርባ የዓይን ነርቭ፣ የአንጎል ሽፋንና ካሮቲድ (ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ትልቅ የደም ሥር) አሉ። ጥጡን አስገቡ፣ ጠብቁ፤ ካልጠራ አቁሙና ሌላ ቀን ጨርሱት።