የድሮ ፒክአፕ ጌጅ ቀይራችሁ አልሠራ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የድሮ ፒክአፕ የያዘ ሰው ስለ ጌጅ (ዳሽቦርዱ ላይ ስላለው ባለ ቀስት መለኪያ) ቢጨነቅ አይፈረድበትም። ጭነት ይዞ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ምን ያህል እንደጋለ የሚነግረው ያ ትንሽ ቀስት ነው። ስለዚህ የደበዘዘውን የፋብሪካ ጌጅ አውጥቶ ቁጥር ያለው አዲስ ጌጅ ማስገባት ጥሩ ሥራ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከተገጠመ በኋላ ነው። አንዱ አይነሳም፣ አንዱ አይወርድም፣ አንዱ ፍሬቻ ባሳያችሁ ቁጥር ይዘላል። አብሽሩ፣ «ጌጁ ፎርጅድ ነው» ብላችሁ ወደ ሱቅ ከመመለሳችሁ በፊት ማሳውን (ኔጌቲቩ ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኝበትን) እና ሴንሰሩን (ልኩን ለጌጁ የሚልከውን ዕቃ) እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው።

መብራት ሲበራ ጌጆቹ አብረው ይንቀሳቀሳሉ

ይሄ የማሳ ችግር ነው፣ ሌላ ነገር አትፈልጉ። የድሮው ዳሽቦርድ ኔጌቲቩን የሚያገኘው ከብረቱ ነበር። አዲሶቹን ጌጆች ፕላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ ላሜራ ላይ ስታስሯቸው ያ መንገድ ይቋረጣል። ከሁሉም ጌጆች ኔጌቲቭ አንድ ወፈር ያለ ሽቦ አውጡና ቦዲው ላይ ካለ ብሎን ጋር እሰሩት፤ ቀለሙን ግን መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈቅፍቁት። ለማረጋገጥ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ቮልት ላይ አድርጉ፣ አንዱን ጫፍ ጌጁ ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ያዙ፣ መብራቱን ሁሉ አብሩ። ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ግማሽ ቮልት ካሳየ ማሳው ገና አልተስተካከለም።

የነዳጅ ታንከሩ ሞልቶ ጌጁ ግማሽ ይላል፣ ወይም ተገልብጦ ያነባል

ጌጅና ሴንሰር ጥንድ ናቸው። ታንከር ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ የሚልከው ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም ልክ) ነው፣ ጌጁም የሚያነበው የተሠራበትን ኦም ብቻ ነው። ገበያ ላይ ካሉት አንዳንዶቹ ባዶ ሲሆን 240፣ ሙሉ ሲሆን 33 ኦም ይፈልጋሉ። የአውሮፓዎቹ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 180 ናቸው፤ የጂኤም ዓይነቶቹ ከ0 እስከ 90። የእናንተ የጃፓን ፒክአፕ ከነዚህ ከአንዱም ጋር ላይገጥም ይችላል። የሴንሰሩን ሽቦ ነቅላችሁ ታንከሩ ባዶ ሲሆንና ሲሞላ ኦሙን ለኩ፣ ከዚያ ለዚያ ልክ የተሠራ ጌጅ ግዙ። ወይም ከጌጁ ጋር የሚመጣውን ሴንሰር ታንከሩ ላይ አስገጥሙ። ታንከር ስትከፍቱ ባትሪውን ንቀሉ፤ አጠገባችሁም ሲጋራ የሚባል ነገር አይኑር።

ነዳጅና ሙቀት አብረው ዝቅ ወይም አብረው ከፍ ይላሉ

የድሮ ጌጆች ብዙዎቹ 12 ቮልት በቀጥታ አይወስዱም። ዳሽቦርዱ ጀርባ ያለች ትንሽ ሬጉሌተር፣ እንደ መኪናው ዓይነት ወደ 5፣ 7 ወይም 10 ቮልት ታወርድላቸዋለች። አዲሱን ጌጅ የድሮው ሽቦ ላይ ከሰካችሁት ዝቅ ብሎ ያነባል። የድሮውን 12 ቮልት ላይ ከሰካችሁት ደግሞ ከፍ ይላል፣ ቆይቶም ይቃጠላል። ለአዲሶቹ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል የሚያገኝ የራሳቸው ሽቦ በፊውዝ አውጡላቸው።

የሙቀት ጌጁ አይታመንም

ጭራሽ ካልተነሳ የሴንሰሩን ሽቦ ነቅላችሁ፣ ቁልፉን ከፍታችሁ፣ ጫፉን ለአፍታ ብቻ የሞተሩ ብረት ላይ ንኩት። ወደ ሙቁ ከሄደ ጌጁም ሽቦውም ደህና ናቸው። የድሮ ጌጅ ከሆነ በቀጥታ አትንኩት፣ መሃል ላይ ትንሽ የዳሽቦርድ አምፖል አስገቡ። ከዚያ ሴንሰሩን ፍቱና ጥርሱን እዩት፤ ቴፍሎን ተጠምጥሞበት ከሆነ ማሳ አጥቶ ዝቅ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። ጠርጋችሁ መልሱት።

ሴንሰሩን ድስት ውስጥ በፈላ ውሃ መሞከር ጥሩ ነው። ሽቦውን አስረዝማችሁ፣ አካሉን በሌላ ሽቦ ማሳ አድርጋችሁ፣ የድስቱን ቂጥ ሳይነካ አንጠልጥሉት። ግን 100 አትጠብቁ! ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ወደ 94 ይጠጋል። ደሴ ላይ 92 ያነበበ ጌጅ ልክ ነው፤ ደህናውን ዕቃ «ያንሳል» ብላችሁ እንዳትጥሉት።

ዳገት ላይ ሙቀቱ ከፍ ሲል አሳሳቢ የሚሆነውም ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ስለሚፈላ ነው። ውሃው በ92 እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ከላላ፣ ቆላ ላይ ምንም ያልሆነ መኪና ደሴ ሊደርስ ሲል ይፈላል። ስለዚህ ጌጁ ልክ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ ክዳኑን፣ ቴርሞስታቱንና የራዲያተሩን ንጽሕና ፈትሹ። ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን እንዳትነኩ።

የዘይት ጌጁ ወይ ዜሮ ወይ ጥግ ነው

ጌጁ የተገናኘው ከቀዩ የዘይት መብራት ሴንሰር ጋር ነው። እሱ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ነው፣ መጠን አይልክም። ቲ (ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ) አስገጥማችሁ የመብራቱንም የጌጁንም ሴንሰር እሰሩ፤ ቀዩ መብራት መቅረት የለበትም።

አምፖሎቹ ኤልኢዲ ከሆኑ ወዲህ ባትሪ አይሞላም

በብዙ የድሮ መኪኖች ዲናሞውን የሚቀሰቅሰው በባትሪ ምልክቱ አምፖል ውስጥ የሚያልፈው ኃይል ነው። ኤልኢዲ የሚያሳልፈው በጣም ትንሽ ነው። ያችን አንዷን ብቻ ወደ ድሮው አምፖል መልሷት።

የአምፔር ጌጅ ካላችሁና ትልቅ ዲናሞ አስገጥማችሁ ከሆነ ጌጁን አውጡት፣ ምክንያቱም የዲናሞው ጉልበት ሁሉ በዳሽቦርዱ ስለሚያልፍ የላላ ጫፍ እሳት ያስነሳል። ሁለቱን ወፍራም ሽቦዎች በአንድ ብሎን አጥብቃችሁ ሸፍኑና በቦታው ቮልት ጌጅ አድርጉ። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ካነበበ ጤነኛ ነው።

የናፍጣ ሞተር ላይ አርፒኤም (የሞተር ዙር) ጌጁ ዜሮ ነው

ናፍጣ ለካንዴላ እሳት የሚሰጥ ኮይል ስለሌለው የቤንዚን ጌጅ ምልክት አያገኝም። ዲናሞው ጀርባ ደብሊው የሚል ጫፍ ፈልጉ፤ ከሌለው አውቶ ኤሌክትሪሺያን ከውስጡ ሊያወጣላችሁ ይችላል። ጌጁ ግን ከዲናሞ የሚያነብ፣ ጀርባው ላይም ማስተካከያ ያለው መሆን አለበት።