ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ነው? ይቺን ነካ አድርጉ

ሻጩ «ሜሞሪው 500 ነው» ካላችሁ የሚያወራው ስለ ሃርድ ዲስኩ ነው። እሱ ጓዳ ማለት ነው፤ ፎቶው፣ ፊልሙ፣ ፋይሉ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። ራም ግን ሌላ ነው፤ ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ቦታ ነው። ሽንኩርት የምትከትፉበት ጠረጴዛ በሉት። ጠረጴዛው ከጠበበ ጓዳው ቢሰፋም ሥራው አይፈጥንም። ዴስክቶፕ ላይ መብራት ድንገት ሲሄድ ሴቭ ያላደረጋችሁት ጽሑፍ ድራሹ የሚጠፋውም ራም ላይ ብቻ ስለነበረ ነው።

ስለዚህ ወሬውን ትታችሁ ራሳችሁ እዩ። ዊንዶውስ ከሆነ ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይመጣል። ፐርፎርማንስ ውስጥ ግቡና ሜሞሪ የሚለውን ንኩት (እዚህ ጋ ሜሞሪ ማለት ራም ነው፣ የሻጩ ዓይነት አይደለም)፤ የራሙ መጠን ቁልጭ ብሎ ይታያል። 4 ጊጋባይት ከሆነ ክሮም ላይ ታብ ስታበዙ ይንቀረፈፋል። ለቢሮ ሥራ 8 ይሻላል።

እዚያው ዲስክ የሚለው ጋ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የዲስክ ዓይነት) ወይም ኤችዲዲ (የድሮው፣ የሚሽከረከረውና ቀርፋፋው) ተብሎ ተጽፏል። እኔ ብሆን ከ1 ቴራባይት ኤችዲዲ ይልቅ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ እመርጣለሁ። የድሮው ላፕቶፔ እስኪነሳ ድረስ ቡና ይፈላ ነበር (አልዋሽም፣ አቦሉን ጠጥቼ እመለሳለሁ)። ዲስኩን ብቻ በኤስኤስዲ አስቀየርኩ፤ አሁን ስኳሩን ሳላማስል ይነሳል።